ሕዝቡ የያዘው ዜማ

ዲሴምበር 3 ቀን 1551 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የጄኔቫ ከተማ ምክር ቤት የቤተ ክርስቲያኑን የዝማሬ መምህር ወህኒ አወረደው። ሰውየው ሉዊ ቡርዧ ይባላል። ጥፋቱ ሕዝቡ የለመዳቸውን የአንዳንድ መዝሙሮች ዜማ ያለ ፈቃድ መለወጡ ነበር። የከተማዋ የተሐድሶ መሪ ዮሐንስ ካልቪን ገብቶ አማለደና አስፈታው፤ ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም። የድሮውን ዜማ አጥንተው የጨረሱ ሰዎች አዲሱን አንማርም አሉ። ቡርዧ ለዘማሪዎች የጻፈው መምሪያም ሰውን ግራ ያጋባል ተብሎ እንዲቃጠል ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ጄኔቫን ለቆ ወጣ፤ አልተመለሰም።

በዝማሬ አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያዝነው ለቡርዧ ነው። እኔም አዝንለታለሁ፤ ስለ ዜማ ሰው ይታሰራል? ሆኖም ምክር ቤቱን ያስቆጣው ምን እንደሆነ ለመረዳት ያ ሕዝብ ከየት ተነስቶ ወደ ዝማሬ እንደ ደረሰ ማየት ያስፈልጋል።

ከፕሮቴስታንት ተሐድሶው በፊት በጄኔቫ አብያተ ክርስቲያናት የሚዘምሩት ካህናትና መዘምራን ነበሩ፤ ቋንቋውም ላቲን ነው። ምእመኑ ይሰማል እንጂ አይዘምርም። ተሐድሶው ላቲኑን አስቀረ፤ በቦታው ግን ሕዝቡ የሚዘምረው ነገር ወዲያው አልተገኘም። ካልቪን ከተማይቱ በገባ በጥቂት ወራት፣ በጃንዋሪ 1537፣ ከባልደረባው ከጊዮም ፋሬል ጋር ሆኖ የምእመናኑ ጸሎት ቀዝቅዟልና መዝሙረ ዳዊት በጉባኤ ይዘመር ሲል ለምክር ቤቱ አመለከተ። ያቀረቡት ዘዴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ልጆች ዜማውን አስቀድመው ይለማመዱ፤ ከዚያ በጉባኤው ፊት ጥርት ባለ ድምፅ ይዘምሩ፤ ሕዝቡ በጽሞና ያዳምጥ፣ በልቡም ይከተል፤ እየዋለ እያደረ አፉ ሲፈታ አብሮ ይዘምር። ዘመናቸውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ዝም ያሉ ሰዎች በአንድ እሑድ ዘማሪ እንደማይሆኑ አውቀዋል ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም ከከተማዋ ተባረሩ። ካልቪን ስትራስቡርግ ላይ የፈረንሳይ ስደተኞችን ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል በ1539 የመጀመሪያዋን ትንሽ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1541 ወደ ጄኔቫ ሲመለስ ሥራው ቀጠለ። መዝሙረ ዳዊትን በፈረንሳይኛ ግጥም ያወረደው ገጣሚው ክሌማን ማሮ ነበር፤ እሱ በ1544 ከሞተ በኋላ ሌላው የተሐድሶ ሰው ቴዎዶር ቤዛ የቀረውን ተያያዘው።

ዜማዎቹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ለማን እንደ ተሠሩ ወዲያው ይገባዋል። ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል በአብዛኛው የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የድምፆቹ ርዝመትም በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ረጅምና አጭር። ስንኙ ሲያልቅ ሕዝቡ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አለ። ዜማው ከአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከስምንት ተከታታይ ድምፆች ስፋት፣ እምብዛም ስለማይወጣ ሽማግሌውም ልጁም ሳይጮኽ ይደርስበታል። በጉባኤ ያለ መሣሪያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይዘምራል። ረቀቅ ያለ ቅንብር የሚወድ በቤቱ ይዘምር፤ ቡርዧ ራሱ በ1547 መዝሙሮቹን በአራት ድምፅ አቀናብሮ ሊዮን ላይ አሳትሟል። ጥበቡን አልቀበረም፤ ለጉባኤ የሚሆነውንና ለቤት የሚሆነውን ለይቶ አስቀመጠ እንጂ። ይህን መለየት ዛሬም ብዙ አምልኮ መሪዎች ቢያውቁበት ምንኛ ጥሩ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ አስተዋይ መምህር ምን ነካው? እንደማየው ከትዕቢት አልነበረም። በ1550 መዝሙር መማርን የሚያቀል መጽሐፍ የጻፈ፣ ልጆችን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በ1551 የቤዛ 34 አዳዲስ መዝሙሮች በማሮ መዝሙሮች ላይ ተጨምረው 83 መዝሙሮች የያዘው መጽሐፍ ሲወጣ አዲሶቹን ዜማ አለበሰ፤ በዚያው እጁ ነባሮቹንም አሻሻለ። ለአዲሶቹ ማንም አልከሰሰውም። የተከሰሰው በነባሮቹ ነው፤ ሕዝቡ ለዓመታት ሲማራቸው፣ በቤቱም በጉባኤውም ሲጸልይባቸው በኖሩት።

ከባዱ ነገር ደግሞ የቡርዧ ሥራ መልካም መሆኑ ነው። በዚያው በ1551ቱ መጽሐፍ ለመዝሙር 134 የወጣው፣ የእሱ ነው የሚባለው ዜማ፣ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በእንግሊዝኛ መዝሙር 100 ላይ ተቀመጠ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይዘመራል። መቶ ሃምሳው መዝሙር በሙሉ በ1562 ታትሞ ሲወጣም ከቡርዧ ዜማዎች ብዙዎቹ በውስጡ ነበሩ። ዜማው ሕዝቡን አሸንፎ ሊገባ የሚችል ዜማ ነበር፤ ጊዜ ነው ያልተሰጠው። በ1537 ለልጆችና ለምእመናን የታሰበው ትዕግሥት በ1551 ተዘለለ።

ዛሬ ዜማ ለወጠ ብሎ አምልኮ መሪን የሚያስር የለም። ጉባኤው ዝም ይላል፣ አለቀ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት የሚያውቁት መዝሙር ሲጀመር ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ኪቦርዲስቱ ድምፁን አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ መሪው ከስንኝ ስንኝ መሀል የራሱን ማስጌጫ ይጨምራል፤ ድራሙ ይበረታል። እናት መጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው ይቆማሉ። ከመድረክ ሆኖ ለሚያይ በመንፈስ የተነኩ ይመስላሉ። ተነክተውም ይሆናል፤ መዝሙሩን ግን ተነጥቀዋል። ይህን የሚያደርጉት ወጣቶች ሳምንቱን ሙሉ ለልምምድ የሚደክሙ፣ እግዚአብሔርን ከልባቸው የሚወዱ ናቸው። ቡርዧም እንደዚያው ነበር። ለዚህ ነው ታሪኩ ስለ ሰነፍ ወይም ስለ ክፉ አገልጋይ ከሚነገር ተግሣጽ ይልቅ ወደ ልብ የሚገባው።

አዲስ መዝሙር አይግባ፣ የጥንቱ አይነካ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። በ1537 ለጄኔቫ ሕዝብ መዝሙረ ዳዊትን በፈረንሳይኛ መዘመርም አዲስ ነበር። የምለው ስለ አገባቡ ነው። አዲሱን ዜማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይማሩትና ለጥቂት ሳምንታት እነሱ ይዘምሩት፤ ሕዝቡ ይስማ። ቃሉ ፕሮጀክተር ላይ ቢወጣም ማንበብ የማይችሉ አሉና መሪው የሚቀጥለውን ስንኝ ቀድሞ በንግግር ያቀብል። መነሻ ድምፁ የሚመረጠው ለሶሎ ዘማሪው ጉሮሮ ሳይሆን ቀን ሙሉ ሠርቶ ለመጣው አባወራና ለአሥር ዓመቷ ልጅ ነው፤ ልምምድ ላይ ከዘማሪ ክፍሉ ውጪ ያለ አንድ ሰው ጠርቶ አዘምሮ ማየት ይበቃል። ድምፅ ማጉያው ላይ የተቀመጠው ወንድምም አንድ ሥራ ይጨመርለት፦ ቢያንስ በአንዱ አዝማች መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ የጉባኤው ድምፅ እስከ መድረኩ መሰማቱን ይፈትሽ። ካልተሰማ መዝሙሩ ገና የሕዝቡ አልሆነምና በሚቀጥለው እሑድ ሌላ አዲስ አይጨመር፤ ያው ይደገም።