የመጨረሻው ጉርሻ

በአገራችን ሰው ፍቅሩን በአፉ ከሚናገረው ይልቅ በእጁ የሚያጐርሰው ይበልጣል። እናት ልጇን፣ ሙሽራው ሙሽራዪቱን፣ ባለቤት እንግዳውን የሚያከብረው በጉርሻ ነው፤ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚሄድም ቢሆን ባዶ እጁን መሄድ ያፍራል። እንግዲህ በዚህ ልማድ ያደግን ልጆች፣ በመርሳት በሽታ ተይዛ ወደ ዕድሜዋ ፍጻሜ የደረሰች እናታችን አፏን ገጥማ አልጐርስም ያለች እንደ ሆነ ምን ልናደርግ ይገባናል? ጥያቄው ለሐኪም ብቻ የሚተው የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ገና ከቤቱ አልደረሰም ማለት ነው።

ይህን በሽታ ቀድሞ መጃጀት እያልን ከዕድሜ ጋራ የሚመጣ ዕዳ አድርገን እንቈጥረው ነበር። ነገር ግን የአንጐል በሽታ ነው፤ ከዓይነቶቹም ዋነኛውን አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ገልጾታል። አስቀድሞ የቅርቡ ነገር ይጠፋል፤ ቀጥሎ የልጆች ስም፤ በመጨረሻም መራመድ፣ መናገርና መዋጥ። ሰው መዋጥን ይረሳል ቢሉት ከቶ ማን ያምናል?

እናቴ በመጨረሻው ዓመቷ እኔን ልጇን «ጋሼ» እያለች፣ አንቱም እያለች ትጠራኝ ነበር፤ የሞተው ታላቅ ወንድሟ መስያት ኖሮ ነው። «አቤት» ማለት የልጅ ወግ ነውና፣ ታላቅ ወንድም እንደሚያደርገው «ወይ» እያልሁ እመልስላት ነበር። በዚህ አጥብቆ የሚያዝን ልጅ አለ፤ እኔን ግን ያስጨነቀኝ ማንኪያው ነበር። አጥሚቱን ስናቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች፤ ግድ ብለን ስናጐርሳት ትን ይላትና ትንፋሿ እስኪቈረጥ ታስላለች። ጠያቂው ደግሞ «በረሃብ ልትገድሏት ነውን?» ይላል።

በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ቱቦ አግብቶ መመገብ የሚያድን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በሽታው እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ቱቦው ዕድሜን እንደሚያስረዝም፣ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣውንም ምች እንደሚከለክል የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ሕመምተኛዋም ነቅላ እንዳትጥለው እጇን እስከ ማሰር ይደረሳል። ስለዚህ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር ቱቦውን ትቶ፣ እስከ ተቻለ ድረስ በእጅ ቀስ ብሎ ማጉረስን መርጧል። የእኛን ጉርሻ ሳያውቁት ወደ እርሱ መምጣታቸው ያስገርማል።

«ይህን የሚል ሰው ድካሙን በጥበብ ቃል ይሸፍን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» የሚል ቢኖር፣ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። አለመብላት ሁሉ የሞት ምልክት አይደለም፤ የአፍ ቍስል፣ የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንድ መድኃኒትም አፍን ያስገጥማልና አስቀድሞ ይህን ማስመርመር ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ግን፣ አፏን መግጠሟ የቀራት ብቸኛ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ስሟን ረስታለች፤ ቤቷን ረስታለች፤ እምቢ ማለትን ግን አልረሳችም። ወላጅን ማክበር እምቢታውንም መስማት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ድካም ያሸነፈው ልጅ ማንኪያውን አስቀምጦ ይወጣል፤ ቃሏን የሰማው ማንኪያውን አስቀምጦ ከአጠገቧ ይቀመጣል።

መቀመጥም የራሱ ሥራ አለው። ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉት እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 በሎንዶን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፍተው፣ ማዳን በማይቻልበት ጊዜም የሚደረግ ሕክምና እንዳለ አሳይተዋል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኞችን በየቤታቸው የሚረዳው በዚሁ ሐሳብ ነው። የደረቀ ከንፈሯን በረጠበ ጨርቅ ማራስ፣ ጀርባዋ እንዳይቈስል ጐኗን መለወጥ፣ መናገር ስለማትችል ሕመሟን ከፊቷ ማንበብና ሐኪም ባዘዘው ሞርፊን ማስታገሥ፤ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ጠያቂውም አጥሚት ይዞ ቢመጣ አይመለስ። የሚያስታምሙት ይጠጡት፤ ብዙ ቀን እህል ሳይቀምሱ ይመሽባቸዋልና።