ስለ ጽናትና ስለ አለቃ

ብዙ ሰው ጽናት ማለት ከቆሙበት ስፍራ አለመነቃነቅ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሰው ራሱ ከጸና በኋላ፥ ጽናቱን ለሌላው ማውረስ ግዴታው ነውን? ይህንን በባዶ ቃል ከመከራከር፥ በ1928 ዓ.ም. በቆራሄ የሆነውን ማስታወስ ይሻላል።

ቆራሄ በኦጋዴን በረሓ ያለች የጠረፍ ጠባቂዎች ሰፈር ነበረች። የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን አሮጌ ምሽግ በነበረበት በዚያ ስፍራ፥ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ከጥቂት ጭፍሮቻቸው ጋራ ይጠብቁ ነበር። በደቡብ በኩል የመጣው የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ግን በቍጥርም በመሣሪያም የበለጠ፥ አይሮፕላንና ታንክ ያለው ነበር። በጥቅምት ወር አይሮፕላኖቹ ምሽጉን በቦምብ ሲደበድቡ፥ ግራዝማች አፈወርቅ የአይሮፕላን መቃወሚያውን መድፍ ራሳቸው ይዘው ሲዋጉ ቈሰሉ። ወደ ሐኪም ይሂዱ ቢባሉ፥ እርሳቸው ከሄዱ የሰዉ ልብ እንዳይከዳ ፈርተው እንቢ አሉ። ቍስሉም መርቅዞ ሞቱ። እንደ ፈሩትም ሠራዊቱ ቆራሄን ለቀቀ፤ ጠላትም ገባባት። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞታቸው በኋላ የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጧቸው።

በዚህ ነገር አንዱ፦ ቢታከሙ ኖሮ ድነው በተመለሱ ነበር፤ ሊድን የሚችል ነፍስ መጣል አይገባም ይላል። ሁለተኛው፦ ሌሎችን ሙቱ የሚል አለቃ እርሱ ወደ አልጋ ሊሄድ አይገባውም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የፈሩት ነገር እንደ ፈሩት ሆኖ መገኘቱ ነው። ቢሄዱም ቢቀሩም ፍጻሜው አንድ ነበር፤ የብዙ ሰው ልብ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ አድሮ ነበርና። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት፥ ምሰሶው የቱን ያህል ጠንካራ ቢሆን፥ የቤቱ ዕድሜ ከምሰሶው ዕድሜ አይበልጥም።

እነዚያ ጭፍሮች ፈሪዎች ነበሩ እንዳንል አናሌ ይመሰክራል። በኅዳር መባቻ የሚከታተላቸው የጠላት ጦር በደረሰ ጊዜ፥ በፊታውራሪ ጎንጎል የተመራ ረዳት ጦር መጥቶ፥ በታንክ የመጣውን ኃይል ተዋግተው ወደ ኋላ መለሱት። እንግዲህ የጐደለው ድፍረት አልነበረም፤ ሲወድቅ የሚተካ አለቃ እንጂ።

የቅኔ መምህር በታመመ ጊዜ፥ ጉባኤው እንዳይታጠፍ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱን በወንበሩ ያስቀምጣል። ይህም መምህሩን አያሳንሰውም፤ ያስተማረው ትምህርት ከእርሱ ጋራ እንዳልታመመ ያሳያል እንጂ።

ይህን ስል፥ በጥላ ተቀምጬ በፀሓይ የሞተውን ሰው መንቀፌ አይደለም። በዚያ ጭንቅ፥ በቍስል ላይ ሆነው፥ ከዚያ የበለጠ ማድረግ ማን ይቻለዋል? ነገሩ የሚመለከተው በደኅናው ቀን ያለነውን ነው። አለቃ የሆነ ሁሉ፦ ነገ እኔ ብታጣ ሥራውን ማን ይይዘዋል? ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልስ ቢያጣ ገና ሥራውን እንዳልጨረሰ ይወቅ። ተከታይም ልቡን ሁሉ ለአለቃው አደራ ሰጥቶ ባዶውን አይቁም፤ አደራ ተቀባዩ ሟች ነውና።