ፍቅርና ጌትነት

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ፍቅር እንደ ሆነ ማንም አይክድም። ዳሩ ግን በፍቅር ስም የሚሠራው ሥራ ሁሉ ፍቅር አይደለም። ሌባ የባለቤቱን ካባ ለብሶ ከቤቱ ቢወጣ ጎረቤት ሰላምታ ሰጥቶ እንደሚያሳልፈው፣ ጌትነትም የፍቅርን ልብስ ለብሶ ሲመጣ የወጣት ልብ ሳይጠረጥር በሩን ይከፍትለታል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚወደንን ሰው ሊገዛን ከሚፈልገው ሰው በምን እንለየዋለን?

ጥያቄው ለወጣቶች የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ ከሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት የመጡ ብዙ ልጆች በኪራይ ቤት ይኖራሉ። ስንቃቸው ከቤት ይመጣል፤ አባትና እናት ግን በአጠገባቸው የሉም። በዚህ ዕድሜ የአንድ ወጣት ልብ ወደ አንዲት ወጣት ቢያዘነብል፣ የእርስዋም ወደ እርሱ ቢያዘነብል፣ የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም፤ ተፈጥሮ ነው። የሚያስፈራው ወዳጅነቱ ሳይሆን በወዳጅነቱ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባው ነገር ነው።

አገባቡም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?» እያለ በየሰዓቱ ይደውላል። ልጅቱም የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ ብላ ደስ ይላታል። ቀጥሎ ስልኩን ሳታነሣ የቀረች እንደ ሆነ ይቆጣል። ከዚያ የስልክዋን የምሥጢር ቍጥር ይጠይቃታል፤ «የምትደብቂው ከሌለ ምን ያስፈራሻል?» ይላታል። ከዚያም ይህችን ጓደኛሽን ተያት፣ ከእነዚያ ልጆች ጋር አታጥኚ፣ ይህን ቀሚስ አትልበሺ ይመጣል። አንድ ቀን በጥፊ ይመታታል፤ በማግስቱ እያለቀሰ ይቅርታ ይለምናታል፣ ስጦታም ይገዛላታል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ይመታታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለመልካም ነገር ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ ለክፉም ይሠራል። ጥፊው እግር ያወጣው እንቁላል ነው፤ እንቁላሉ የተጣለው ግን አስቀድሞ፣ የስልኩ ቍጥር በግድ በተጠየቀ ዕለት ነው።

የማይቀና አይወድም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቅናት ስሜት ነው፤ ስሜትም ሳይጠራ ይመጣልና ስለ መጣ ብቻ ሰው አይወቀስም። የሚወቀሰው በስሜቱ በሚሠራው ሥራ ነው። በሀብሩ ቆላ ማሽላ ሲያፈራ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ ከንጋት እስከ ማታ ወፍ ሲያባርር ይውላል። ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ለማሽላው ብሎ አይደለም፤ ለጎተራው ብሎ ነው። ቀኑ ሲደርስ ያጭደዋልና። ማሽላ የባለቤቱ ንብረት ስለ ሆነ ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው ግን የማንም ማሽላ አይደለም። እንግዲህ አንድ ሰው አጥብቆ ቢጠብቅሽ፣ «ምን ያህል ይጠብቀኛል?» ብለሽ ሳይሆን «የሚጠብቀኝ ለማን ብሎ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ታዲያ ይህ በምን ይታወቃል? በእምቢታ ይታወቃል። «እሺ» ለሚሉት ሰው ሁሉም ደግ ነው፤ የሰው ጠባይ የሚገለጠው «እምቢ» በተባለ ጊዜ ነው። አያቶቻችን ለጋብቻ ሽማግሌ ይልኩ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። ሽማግሌ መላክ መጠየቅ ነው፤ መጠየቅም እምቢ መባል እንደሚቻል አስቀድሞ ማመን ነው። እምቢ ሊሉት የማይቻል ጥያቄ፣ ጥያቄ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። የጥንቱ ልማድ ጉድለት፣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አባት እንጂ ልጅቱ አለመሆንዋ ነው። የዛሬ ወጣቶች ድርሻም ይህን ጉድለት መሙላት ነው።

የሴት ልጅን እምቢታ አለመስማት በአገራችን እስከ ሕግ መጽሐፍ ድረስ ዘልቆ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ጠላፊው ልጅቱን ያገባት እንደ ሆነ፣ ጋብቻውም የጸና ከሆነ፣ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ በአርሲ አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትልም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራስዋን መከላከልዋ ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠላፊው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፣ በኋላ የሚደረገውም ጋብቻ ከተጠያቂነት እንዳያድነው ደነገገ። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርሰውን የኀይል ጥቃት ይመለከታል። በአንድ ቤት ሳይኖሩ የሚዋደዱትን ይህ አንቀጽ ለይቶ ባይጠራቸውም፣ ድብደባና ዛቻ በማንም ላይ ቢፈጸም ወንጀል መሆኑን እወቁ።

ይህ የገጠርና የድሮ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በካሚላት መሐዲ ላይ የደረሰውን ያስታውስ። ለዓመታት ሲከታተላት የኖረ ሰው በፊትዋ ላይ አሲድ ደፋባት፤ እኅቶችዋም አብረው ተጎዱ። ለሕክምናም እስከ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ግድ ሆነባት። የኔ ካልሆንሽ የማንም አትሆኚም የሚል ልብ መጨረሻው ይህ ነው። የሚወድ ሰው የወደደውን ፊት ያጠፋልን?

እርግጥ ነው፣ ይህን ጥፋት የሚያበረታቱ አባባሎች አሉን። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ተረት ሁሉ ጥበብ አይደለም፤ ይህን የተረተው ዱላውን የያዘው እንጂ የተመታችው እንዳልሆነች ግልጽ ነው። ደግሞም ጌትነት የወንድ ብቻ ነው አልልም። «ብትተወኝ ራሴን አጠፋለሁ» እያለች ወጣቱን በፍርሃት የምታስር ሴትም ፍቅርን ሳይሆን እስር ቤትን ሠርታለች። ከሀብሩ ወደ ዓረብ አገር የሄደችውን ልጅ፣ ደመወዝሽን ካልላክሽ ፎቶግራፍሽን እበትነዋለሁ ብሎ የሚያስፈራራትም ሰው ወዳጅ ሳይሆን ቀማኛ ነው።

መልካሙ ወዳጅነትስ ምን ይመስላል? በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ ውስጥ ፈላስፋው በጌታው ቤት የምታገለግለውን ሒሩትን ለሚስትነት ሲጠይቅ፣ ጌታው ገረድህ ትሁን ቢለው፣ ገረድ ሳይሆን ሚስት ነው የምሻው፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ብሎ መለሰ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ፍቅር ሲጽፍ አስቀድሞ ያነሣው ትዕግሥትን ነው። ቁርኣንም በባልና በሚስት መካከል የተደረገው ፍቅርና እዝነት መሆኑን ይናገራል። በእኩልነትና በትዕግሥት የቆመ ወዳጅነት ምልክቱ አይሰወርም። በእርሱ ውስጥ ያለ ሰው ትምህርቱን አይጥልም፣ ጓደኞቹን አያጣም፣ ሐሳቡን ሲናገር አይንቀጠቀጥም። ይጣላሉ፤ ሲጣሉ ግን እጅ አይነሣም፣ ምሥጢርም አይወጣም። አንዱ «ዛሬ አልችልም» ቢል ሌላው ቢከፋውም ይቀበላል።

ልጄ ሆይ፣ የምትፈሪው ሰው በአጠገብሽ ካለ፣ ፍርሃትሽን ከፍቅር አትቍጠሪው። ብቻሽን አትሸከሚው፤ ለእናትሽ፣ ለታላቅ እኅትሽ፣ ለምታምኛት መምህርት ንገሪ። የዛቻ መልእክቶችን አታጥፊ፤ ማስረጃ ናቸው። ልለይህ ስትዪውም ብቻሽን አትሂጂ፤ አደጋው የሚበረታው ብዙ ጊዜ በመለያየት ሰዓት ነውና። ሰው ምን ይለኛል አትበዪ፤ ኀፍረቱ የመቺው እንጂ የተመታው አይደለም።

አንተም ልጄ፣ የምትወዳት ልጅ እምቢ ያለችህ እንደ ሆነ ማዘንህ ያለ ነው፤ አልቅስ፣ ለወንድምህ አጫውተው፣ ወደ ሥራህም ተመለስ። እምቢታን ተቀብሎ በሰላም የሚሄድ ሰው የተዋረደ አይደለም፤ አንድ ቀን «እሺ» ቢባል፣ እሺታው በፍርሃት ሳይሆን በፈቃድ የተሰጠው መሆኑን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው።