የምርኮኛው ውኃ

ክርስቲያን ሰው ጦር እየመራ ክርስቲያን ሆኖ መቆየት ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ይዤው እኖራለሁ። ለሰው ሳነሳው ስለ መግደል የምጠይቅ ይመስለዋል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ደጋግሜ ስመረምረው ግን ሁልጊዜ የሚመልሰኝ ወደ አንድ ጀሪካን ውኃ ነው።

ያን ጊዜ በሰሜን ግንባር የመቶ መሪ ነበርኩ፤ ምክትል መቶ አለቃ። እኔን ጨምሮ ሰላሳ አንድ ሰው ነበርን። ውጊያው ጋብ ባለበት ቀን፣ ወደ ቀትር ገደማ፣ ልጆቹ አንድ ምርኮኛ ደግፈው ወደ ምሽጋችን አመጡ። ጭኑ ላይ ቆስሏል፤ ቁስሉን ከሸሚዙ በተቀደደ ጨርቅ አስሮታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ማተቡ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለ። በእኔም አንገት ላይ እንዲያው ያለ ነበር፤ እናቴ ስዘምት ያሰረችልኝ። የቀረን ውኃ ግማሽ ጀሪካን አይሞላም። በኮዳ ክዳን እየለካን ነበር የምናድለው፤ ለአንድ ሰው ጠዋት ሁለት ክዳን፣ ማታ ሁለት ክዳን። ስንቃችን የነበረው ደረቅ ኮቾሮ ያለ ውኃ ጉሮሮ አይወርድም።

“መቶ አለቃ፣ ውኃ እንስጠው?” አለኝ ጀሪካኑን የሚጠብቀው ልጅ።

“መጀመሪያ ይናገር” አልኩ።

በዚያው ዕለት ማለዳ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ነበር። ምርኮኛው ስሙንና ክፍሉን ተናገረ፤ ሌላውን ወይ አያውቅም፣ ወይ አልነግርም ብሏል። ዐይኑን ከጀሪካኑ ላይ አልነቀለም። ውኃ የቀመሰው ሲመሽ፣ ሁላችንም ጠጥተን ካበቃን በኋላ ነው። አልሞተም። በማግስቱ ወደ ኋላ ተላከ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ስለ ተኮስኩትና ስላስተኮስኩት ተናዘዝኩ። ውኃው ትዝም አላለኝ። አባ ቀኖና ሰጡኝና ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ወታደር የመከረውን ነገሩኝ። በጦርነት የገደለን ሰው አባቶች ከነፍሰ ገዳይ ጋር አልደመሩትም፤ ነገር ግን እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ መልካም ነው ይላል። ይህ ምክር ልቤን አሳረፈው። ዘመቻውን አላወገዘም፣ አላጠበውምም። ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

አላበቃም። አንድ የጾም ሰሞን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ሳነብ ወታደሮቹ መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ብለው የጠየቁበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ዮሐንስ መሣሪያችሁን ጣሉ አላላቸውም። ብዙ ጊዜ ይህን ለራሴ ማስረጃ አድርጌ እጠቅሰው ነበር፤ የቅፍርናሆሙን የመቶ አለቃና ቆርኔሌዎስንም እጨምርበት ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ማለቱን ትቼ የተናገረውን አየሁ። ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው። ስለ ጦር ሜዳ አንዲት ቃል የለበትም። የተናገረው ሁሉ ሰይፍ የያዘ ሰው ሰይፍ ባልያዘው ላይ ስለሚያደርገው ነው። መጽሐፉን ዘጋሁ። ጀሪካኑ መጣብኝ።

ራሴን ለመከላከል ሞከርኩ። አዛዥ መጀመሪያ የሚጠየቀው በአደራ ስለተሰጡት ሰዎች ነው። ሰላሳ አንድ የሰው ልጅ ተጠምቶ እያለ ለጠላት ውኃ ማፍሰስ አደራ መብላት አይሆንም? ዳዊትም ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ሦስት ኃያላን በጠላት ሰፈር መካከል ሰንጥቀው ያመጡለትን ውኃ አልጠጣም፣ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ያ ውኃ የሰዎቹ ደም ነበር። የእኔም ውኃ በተኩስ መካከል ከወንዝ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ለወንድሞቼ ብቻ ይገባል አልኩ። መልሱ ደህና መሰለኝ። ጥቂት ቆይቼ ግን ዳዊት የከለከለው የራሱን ጉሮሮ እንደሆነ አየሁ። እኔ የከለከልኩት የሌላ ሰው ጉሮሮ ነው። በዚያ ላይ ሠላሳ ሁለተኛው ሰው ሁለት ክዳን ቢጠጣ ከእኛ መካከል ማንም አይሞትም ነበር። ሒሳቡን ያኔም አውቀው ነበር።

ቀጥሎ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 ላይ ወደቅኩ። የዳዊት ሰዎች አማሌቃውያንን እያሳደዱ ነው። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተማርከዋል፤ ሁለት መቶዎቹ ከድካም ብዛት የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቅቷቸው ቀርተዋል። በሜዳ ላይ አንድ ግብፃዊ ወድቆ አገኙ። የአማሌቃዊ ባሪያ ነው፤ ሲታመም ጌታው ጥሎት ሄዷል፤ ሦስት ቀን እህል ውኃ አልቀመሰም። እንጀራ ሰጡት፣ ውኃ አጠጡት፣ በለስና ዘቢብ አበሉት። ነፍሱ መለስ ካለች በኋላ ነው ዳዊት የማን ነህ ብሎ የጠየቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። እነሱ አጠጥተው ጠየቁ፤ እኔ ጠይቄ አጠጣሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ። ያ ግብፃዊ ከጠጣ በኋላ መንገድ መራቸው፤ አማሌቃውያንም ተመቱ። እንግዲያ ውኃው ምጽዋት ነበር ወይስ ዘዴ? የሚጠቅም ምሕረት ምሕረት ይባላል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ገዛ ታሪካችን ሄድኩ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ ሻለቃ ጋሊያኖ ይመራው ነበር። ምሽጉ በተኩስ አልደፈር ሲል እቴጌ ጣይቱ ባፈለቁት ብልሃት ምንጩ ተያዘና ውስጥ ያሉትን ጥም ፈታቸው። ከዚያ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ጋሊያኖን ከነሰዉና ከነመሣሪያው በሰላም እንዲወጣ ፈቀዱለት፤ ራስ መኮንን ሸኙት። ጉዞው ለኢትዮጵያ ጦር ሽፋን ሆኖ ጠቅሞታል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ጋሊያኖ ከወር በላይ ጥቂት ቆይቶ ዐድዋ ላይ ሊዋጋ ተመልሶ መጣ፤ እዚያው ወደቀ። ስለዚህ የምኒልክ ምሕረት ጠቅሟል ቢሉ እውነት ነው፣ ጎድቷል ቢሉም እውነት ነው። ምሕረትን በውጤቱ መመዘን እንደማይቻል የተረዳሁት ከዚህ ነው። የዳዊት ሰዎች ግብፃዊው መንገድ ያውቅ እንደሆነ ሳይጠይቁ ውኃ ሰጡት፤ ሲሰጡት ሰው መሆኑን ብቻ ነበር የሚያውቁት። የእቴጌይቱ ሥራም ከእኔ ጋር አንድ አይደለም። መድፍ ከያዘ ምሽግ ላይ ውኃ መቁረጥ ጦርነት ነው። መሣሪያው ከተገፈፈና ቆስሎ ከተቀመጠ ሰው ላይ ውኃ መከልከል ሌላ ነገር ነው፤ ስሙን ለመጥራት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዐድዋን ካነሳሁ የሚከብደኝን ልዘልለው አልችልም። የአያቴ አባት የዘመተበት ጦር ነው፤ ልጆቼን በዚያ ታሪክ ነው ያሳደግኋቸው። የካቲት 23 እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሠራዊት ነው ያሸነፈው። ከዚያ በኋላ ወደ 1,900 የሚጠጉ የጣሊያን ምርኮኞች ቀለብ ተቆርጦላቸው ተያዙ፤ የሮማው ፓፓ ሊዮን 13ኛ እንዲለቀቁ እስከ መማለድ ደርሰዋል። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ውሉ ሲፈረም ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ ተከፈተ። ይህ የክርስቲያን ንጉሥ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪዎች ግን፣ ከመረብ ማዶ የመጡት የእኛው ሰዎች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የዘመኑ ሕግ ለከዳተኛ የሚያዝዘው ነው ይባላል። አውቃለሁ። ኤልሳዕም በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 የእስራኤል ንጉሥ የተማረኩትን ሶርያውያን ልምታቸው ሲለው ከልክሎ፣ እንጀራና ውኃ አቅርብላቸው፣ በልተው ይሂዱ ብሎታል። ያ ሕግም ይታወቅ ነበር። የእጅና እግር መቁረጡ ትክክል አልነበረም። ይህን ማለት ድሉን አያሳንሰውም፤ አለማለት ግን ጸሎቱን ያሳንሰዋል።

ለምን ባዕዱ ተማረ፣ ማተብ ያሰረው ተቆረጠ? ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ሌሊት አሳለፍኩ። መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ምሽግ ውስጥ ነው። ያ ምርኮኛ ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ውኃ እሰጠው ነበር ብዬ አምናለሁ። ይታዘበናል፣ የሠለጠነ አገር ሠራዊት መሆናችንን ይይ እል ነበር። የራሴን የመሰለ መስቀል ያሰረ፣ የምሰማውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲሆን ግን ከጠላትነቱ በላይ ክህደቱ ታየኝ። አንተን ብሎ ማተብ አሳሪ አልኩ በልቤ። ማተቡ ሊያራራኝ ሲገባ አስጨከነኝ። የጦር መሪ እምነት የሚፈተነው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሊጠላው ከተፈቀደለት ወንድሙ ፊት ሲቆም።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5 ኢያሱ የተመዘዘ ሰይፍ የያዘውን ሰው ከእኛ ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን ብሎ ይጠይቀዋል። ሰው መስሎ የመጣው መልአክ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም አለው። ኢያሱ በግንባሩ ተደፋ፤ ጫማውንም አወለቀ። እኔ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው መልአኩ ከእኛ ጋር መሆኑን የሚያረጋግጥ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ግን እንዲያ አይልም።

ባለፈው ዓመት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ውኃውን ተናገርኩ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ሁለቴ ደገምኩላቸው።

“ስንት ሰዓት አቆየኸው ልጄ?” አሉኝ።

“ከቀትር እስከ ምሽት፣ አባ።”

ዝም ብለው ቆዩና ለሠላሳ ሁለት ቀን፣ በየቀኑ በቀትር፣ ውኃ ይዤ ወጥቼ የመጀመሪያውን የተጠማ ሰው ሳልጠይቅ እንዳጠጣ አዘዙኝ። ፈጽሜዋለሁ።

አሁን አልፎ አልፎ ወጣት መኮንኖች ቤቴ ይመጣሉ። ክርስቲያን አዛዥ መሆን ይቻላል ወይ ይሉኛል። ይቻላል እላቸዋለሁ፤ እጁ ንጹሕ ነው አልላቸውም። ደግሞም ይህን እለምናቸዋለሁ፤ እናንተንም እለምናችኋለሁ። ውኃ ስታድሉ ምርኮኛውን አብራችሁ ቁጠሩት፤ ስሙን ከመጠየቃችሁ በፊት።