ጎጆ መውጣት

የቆሎ ተማሪ ጎጆ በሯ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ከገቡም በኋላ ዓይን የሚያርፍበት ብዙ ነገር የለም፤ ሣር የተጎዘጎዘበት መደብ፣ ቀን ልብስ ሌሊት ብርድ ልብስ የሚሆን ደበሎ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አኩፋዳ፣ ጥግ የቆመ የውሻ መከላከያ ዱላ። ከእንዲህ ያለች ጎጆ ግን ስንቱ ባለ ቅኔ፣ ስንቱ የድጓ መምህር ወጥቷል!

ትንሽ ቤት የሚናፍቁ ሰዎች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ ዕቃ ሲቀንስ ሐሳብ ይቀላል፣ ቤት ሲያንስ ዕዳ ያንሳል። እውነት ነው። ነገር ግን የሚማርከን ማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእስር ቤት ክፍልም ባማረን ነበር።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 ዋልደን ኩሬ ዳር 3 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል ግድም የሆነች ጎጆ ቀለሰ፤ ወጪዋ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነበር። መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን ነው። ሥራውን የጀመረበት መጥረቢያም የውሰት ነው። የቤተሰቡ ማዕድ ደግሞ በእግር የሚደረስ ነበር። ተቺዎቹ በዚህ የተነሳ አስመሳይ ይሉታል። እኔ ግን የትንሽ ቤት ምስጢር ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ለራሱ የሠራት የእንጨት ቤት እያንዳንዱ ጎኗ 3.66 ሜትር ነው። ወጥ ቤት የላትም። ከግድግዳዋ ጋር የተያያዘ ምግብ ቤት ስለነበረ በቀጥታ ወደዚያ የሚያሻግር በር አበጀላት፤ ከፊቷም ሜዲትራኒያን ተንጣሏል።

እንግዲህ ትንሽ ቤት ጎዶሎ ቤት ነው፤ ጎዶሎነቱንም አይደብቅም። የቀረውን ከጫካው፣ ከባሕሩ፣ ከጎረቤት ይበደራል። የቆሎ ተማሪው እንጀራ ያለው ጎጆው ውስጥ ሳይሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በቆመበት ደጅ ነው። ትልቅ ቤት ግን የራሱ ጉድጓድ ውኃ፣ የራሱ ጄኔሬተር፣ የራሱ ከፍ ያለ አጥር ይኖረዋል። ምኞቱ ማንንም አለመፈለግ ነው።

«ጥበትንማ እኔ ልንገርህ» የሚለኝ አይጠፋም፤ በመጋረጃ በተከፈለች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከስድስት የቤተሰብ አባላት ጋር ያደገ፣ ማታ የተነጠፈ ፍራሽ ጠዋት ሲያጥፍ የኖረ ሰው። ልክ ነው። ቶሮ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖሮ ሲበቃው ሄደ፤ የቀበሌ ቤቱ ልጅ ግን የሚሄድበት አልነበረውም። ያልተመረጠ ጥበት ጥበት እንጂ ጥበብ አይደለም። ሆኖም ይኸው ሰው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከገባ በኋላ ጀበና ሲጣድ የሚጠራው ጎረቤት ያጣል፤ ይናፍቃልም። የናፈቀው ክፍሏን አይደለም፤ ደጇን ነው።

ትንሽ ቤትን የመረጠ ሰውም ቢሆን ልቡን መጠበቅ አለበት። ጃፓናዊው መነኩሴ ካሞ ኖ ቾሜይ እ.ኤ.አ. በ1212 በጻፈው «ሆጆኪ» ውስጥ፣ በሁለት ጋሪ ተጭና የምትሄደውን ጎጆውን ሲያወድስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ራሱን ይጠረጥራል፤ ለእሷ ያለው ፍቅር ራሱ ዓለምን የሙጥኝ ማለት እንዳይሆን። ባዶ ግድግዳም የሚኩራሩበት ንብረት ይሆናልና።

ወላጆቻችን ትዳር የያዘን ሰው ጎጆ ወጣ ይሉታል፤ ቪላ ቢገባም ጎጆ ወጣ ነው። ገባ አለማለታቸውን ልብ ይሏል። ጎጆ የሚገባበት ብቻ አይደለም፤ ከእናት ጓዳ ተወጥቶ እሳት ለመጫር የሰው ደጅ ማንኳኳት የሚጀመርበት ነው።