ምረቃ፣ ምርቃትና የታጠፈ ብር

«መረቀ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሦስት ቦታ ይሠራል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ልጅ ይመርቃል፤ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ይመረቃል፤ የጉልት ቸርቻሪም ሽንኩርቷን መዝና ስታበቃ «መርቂልኝ» ትባልና አንድ ሁለት ራስ ጣል ታደርጋለች። የመጨረሻው አባባል የፊተኞቹንም ያበራል። ምርቃት ከሚዛኑ ውጭ የሚጨመር ነው፤ ሒሳብ አይታሰብበትም። ለተመራቂ ገንዘብ መስጠት የሚያስነሣው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። ገንዘብ ራሱ ሚዛን ነውና፣ ሚዛኑን አንሥቶ የሰጠ ሰው ምኑን መረቀ ይባላል?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ጌኦርግ ዚመል በ1900 እ.ኤ.አ. በታተመው «የገንዘብ ፍልስፍና» ገንዘብ ማናቸውንም ነገር «ስንት ነው?» ወደሚል ጥያቄ እንደሚያወርድ፣ የየራሱንም መልክ እንደሚያደበዝዝ አትቷል። የአክስት ሺህ ብርና የደመወዝ ሺህ ብር አንድ ኪስ ከገቡ በኋላ ማን ይለያቸዋል? ሸሚዝ የሚገዛ ሰው ቢያንስ የተቀባዩን ትከሻ በዓይኑ ለክቷል።

ኢኮኖሚስቶች በዚህ አይረቱም። አሜሪካዊው ጆኤል ዋልድፎግል በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የገና ስጦታ በተቀባዮቹ ግምት ከዋጋው ከአሥር አንድ እጅ እስከ ሲሶ ያህል እንደሚያጣ ጽፏል። ጥሬ ገንዘብ ግን ምንም አያጣም። እውነትም ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ከአምስተኛው የግድግዳ ሰዓት ይልቅ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ብር ይበጀዋል።

ሶሲዮሎጂስቷ ቪቪያና ዜሊዘር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሰዎች ገንዘብን ሁሉ አንድ አድርገው እንደማያዩት፣ እንደ ምንጩና እንደ ዓላማው እየለዩ ስም እንደሚሰጡት አሳይታለች። ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ የስለት ገንዘብ ለዘይት መግዣ አይነካም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔቶችም የገንዘብ ስጦታ እንዴት ተሸፍኖና አምሮ እንደሚቀርብ ያስተምሩ ነበር። የዛሬው የብር አበባ፣ የብር ሐብል፣ በሃዋይ ለተመራቂ የሚጠለቀው ከታጠፈ ዶላር የተሠራ ጉንጉን፣ ሁሉም የዚያ ዘር ናቸው።

አበባው እንዲህ ይሠራል። ከባንክ የወጣ አዲስ ኖት እንደ ማራገቢያ ወዲያና ወዲህ እየተባለ በጠባብ በጠባቡ ይታጠፋል፤ ወገቡ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ ሁለቱ ጫፎች ሲፈለቀቁ ቢራቢሮ ይመስላል። ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ሲጠመዘዙ አበባ ይወጣቸዋል። ባለ 200ው ሐምራዊ ስለሆነ ሌላ ቀለም አይፈልግም። ሙጫና ስቴፕለር አይነኩትም፤ ነገ ተፈትቶ ሱቅ መሄድ አለበት። ብር የሚደበቅበት የኬክ ካርቶን ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ብሮቹ በስስ ላስቲክ ኪስ ተከትተው፣ ኪሶቹ በፕላስተር ተያይዘው፣ ተጠቅልለው ይቀበራሉ። ተመራቂው የደስታ መግለጫ ካርዱን ሲስብ ብሩ እየተከታተለ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ልፋት በብሩ ዋጋ ላይ አምስት ሳንቲም አይጨምርም። ምርቃት የሚያሰኘውም ይኸው ነው፦ ባለ 200ው እንደ ሽንኩርቱ ተመዝኗል፤ ሲታጠፍ ያመሸበት ሰዓት ከላይ ጣል የተደረገ ነው።

ጃፓኖች ነገሩን ሥርዓት አበጅተውለታል። የደስታ ገንዘብ በልዩ ፖስታ ይገባና ሚዙሂኪ በሚባል ገመድ ይታሰራል። ሠርግ እንዲደገም አይፈለግምና ቋጠሮው የማይፈታ ዓይነት ነው፤ ለምረቃ ግን ደስታው ይደጋገም ተብሎ በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ ይደረጋል። ለደስታ አዲስ ኖት ይሰጣል፤ ለለቅሶ ግን አዲስ ኖት ሞቱን ሲጠብቁና ሲዘጋጁ የቆዩ ያስመስላል።

የሃይማኖት ጥያቄ የሚመጣው ከመታየቱ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዛል፤ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 271ኛው አንቀጽ ምጽዋትን በግልጽ መስጠቱን ባይነቅፍም መደበቁን ያስበልጣል። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትም ክዳን አለው። በአንገት ላይ የተንጠለጠለ የብር ሐብል ግን ድግሱ ሁሉ ይቆጥረዋል። መከላከያው ምጽዋትና ሽልማት ይለያያሉ የሚል ነው፤ ምጽዋት የተቀባዩን ችግር ይሸፍናል፣ ሽልማት ደስታውን ያውጃል፤ ለአዝማሪ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብርም ለመታየት ነው የሚለጠፈው። ክርክሩ ደህና ነው፤ ዳሩ ግን በዚያው ቀን የተመረቀውንና ባዶ አንገቱን ፎቶ የሚነሣውን ጎረቤት ይረሳል። ከዚህ አንጻር ከሁሉ የሚሻለው፣ ከአበባውም ይልቅ፣ ብሮቹን እንደ ዲፕሎማ ጠቅልሎ በሪባን ማሰር ነው። የእጅ ሥራው ይታያል፤ ስንት እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ከውጭ አገር በሐዋላ ወይም በቴሌብር የሚላከው ስጦታ ግን የሰጪው እጅ ሳይነካው ይደርሳል። አንዳንድ ቤት እህት ገንዘቡን ከባንክ አውጥታ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ባለችው አክስት ስም ታጥፈዋለች። ሰጪዋ ሌላ፣ ጣቱ ሌላ ይሆናል፤ ተመራቂውም ሁለት ሰው ያመሰግናል።

ድግሱ ባለቀ በሳምንቱ አበባው ይፈታል፤ ሽቦና ሪባን መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። እጥፋቱ ግን ቶሎ አይለቅም፤ የታክሲ ረዳቱ ብሩን ሲቀበል ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ያቃናዋል።