የሁሉ የሆነ ውበት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው ስለ መረዳዳት ቢሆንም፥ «ውበት የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ያለበት ይመስለኛል።

ኤዱዋር ቩያር የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1894 እ.ኤ.አ. የፓሪስን የሕዝብ መናፈሻዎች በዘጠኝ ታላላቅ ሸራዎች ላይ ሥሎ ነበር። ሕፃናት የሚጫወቱበት፥ ሞግዚቶች የሚያርፉበት የሁሉ ቦታ ተሥሎ የተሰቀለው ግን በአንድ ባለጸጋ ቤት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሠዓሊው፥ ቀድሞ የነገሥታት አትክልት የነበረውን የቱይለሪን መናፈሻ በባለ ቀለም የድንጋይ ኅትመት አወጣው፤ ቅጂውም መቶ ሆነ። ይህ ጥበብ የተመሠረተው ስብና ውኃ የማይዋሐዱ በመሆናቸው ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በስብ ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ የማተሚያውን ቀለም የሚይዘው ሥዕሉ ብቻ ነው። ለየቀለሙም ሌላ ድንጋይ ያስፈልጋል። በአገራችንም አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሀንሰን ባሂያ የተባሉት የጀርመን ተወላጅ የኅትመት ሥዕልን አስተምረዋል።

እንግዲህ ኅትመትና መናፈሻ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ባለቤታቸው ሲበዛ አያንሱም። የዛፍ ጥላ አሥረኛው ሰው ስለ ተቀመጠበት ለመጀመሪያው አይጎድልበትም። ልዩነታቸው ግን ከባድ ነው፤ ድንጋዩ ቢሰበር መቶው ቅጂ ይቀራል፤ ዛፉ ቢቆረጥ ግን ጥላው ቅጂ የለውም።

ይህን የምለው ያለ ጸጸት አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና ካሉት ከተሞች በአንዲቱ ስሠራ፥ ተማሪዎች ከዛፍ ሥር የሚያጠኑበት ቦታ ታጥሮ ለአንድ ሰው እንዲሰጥ የሚጠይቅ መዝገብ ቀረበልኝ። «ቦታው የማንም አይደለም» ይላል። አነበብሁ፥ ፈረምሁ፥ ማኅተምም አሳረፍሁበት። በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ የመናፈሻ ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ሰቅዬ ነበር፤ ሲደክመኝ እርሱን እያየሁ ዐርፍ ነበር። ሥዕሉን የወደድሁ እኔ፥ ሥዕሉ የሚናገርለትን ነገር በአንድ ማኅተም አጠፋሁት።

ከተማ ቤትና ሱቅ ያስፈልጋታል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ስሕተቴ ግን ሱቅን ከጥላ ማስበለጤ ብቻ አልነበረም፤ «የማንም አይደለም» የሚለውን ቃል ሳልመረምር መቀበሌ ነበር። የማንም ያልሆነና የሁሉ የሆነ በመዝገብ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ በፍትሕ ፊት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ለማንም ያልሆነውን መስጠት ይቻላል፤ የሁሉን ለአንዱ መስጠት ግን ከብዙዎች መውሰድ ነው።

ስለዚህ ከጊንጪ እስከ አምቦ፥ ከአምቦም እስከ ጉደር ባሉት ከተሞች ብዕር የያዝን ሁሉ፥ ከመፈረማችን በፊት ተነሥተን ቦታውን በእግራችን ብንጎበኝ መልካም ነው። ከዛፉ ሥር የተቀመጠ ሰው ካገኘን፥ ባለቤቱ እርሱ ነው።